ሰማዩ ጥርት ብሎ መንገዱ ሲዘጋ

ጥር 6

የፖስታው መኪና መጣ። ዳቦ፣ የጄኔሬተር ቀበቶ፣ የሮይስ የወገብ ቅባት፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍ። መጽሐፉ ያው በየዓመቱ የሚመጣው አረንጓዴው ነው። ወደዚህ በረሃ የሚመጣ ሁሉ ይዞት ይዞራል። ካርታ አለው፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝ ይናገራል፣ ከኋላው ደግሞ መንገደኞች ለመንገደኞች የጻፉት ምክር አለ። ከካርታዎቹ ጎን ደረደርኩት። ሰው የለም፣ ዝንብ ብቻ። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና እኛ ያለንበትን ገጽ ፈለግኩ።

ምነው ባልፈለግኩ።

"ሙንዳራ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ያለችው የማደያ ሴትዮ መንገዱ ተዘግቷል ትላችኋለች። አትመኗት፤ አልጋዋን ልታከራይ ነው። እኔ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያየሁት ጥያት ሄድኩ። ጎማዬ እንኳ አልረጠበም።"

ሴትዮ! እዚህ ማደያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ስሜ ሴትዮ። ኖሪን የሚባል ስም አለኝ እኮ፣ በሩ ላይ ተጽፏል።

ሰውዬውን አስታወስኩት። ባለ ቀይ ኮፍያው። እሱ ማታ አለፈ፣ ውሃው ጠዋት ደረሰ። በምን ይወቀው? ሄዷላ።

ወንድም ተብዬው ሮይስ አንብቦ ሳቀ። "አልጋሽን ደግሞ ማን ይከራየዋል?" አለኝ። "ፍራሹ እኮ ከመንገዱ አይሻልም።"

እኔ አልሳቅኩም። ደሜ ፈልቷል።

ጥር 8

መጽሐፉን ለሚያሳትሙት ደወልኩ። ለስላሳ ድምፅ ያለው ልጅ አነሳ። ይህ ምክር ሰው ይገድላል አልኩት። አመሰገነኝ። "እኛ መንገደኛው ያየውን ነው የምናትመው" አለ። ያላየውንስ ማን ያትመው? ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከዚያ ጥቁር ማርከር አወጣሁና የደረደርኩትን መጽሐፍ ሁሉ እየገለጥኩ ያንን ምክር ሰረዝኩ።

ጥር 11

መጽሐፉን የገዛ አንድ ጎረምሳ የተሰረዘውን ገጽ ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን አነበበው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ፈገግ አለ።

አንቺ ኖሪን፣ ምን ነካሽ? ሰው የተሰረዘ ነገር ሲያይ እንደሚስገበገብ አታውቂም?

ጥር 24

አክስት ደልሲ ከከተማ መጣች። ይህ ወንዝ የእነሱ ነው፤ ከማደያው በፊት፣ ከመንገዱም በፊት ሰዎቿ እዚሁ ነበሩ። እዚህ አካባቢ ትልቅ ትንሹ አክስት ነው የሚላት። የእህቷ ልጅ ከሰሜን ደውላላታለች። እዚያ ሰማዩ ተቀዷል፣ ከብት በጎርፍ ሄዷል። እዚህ ጠብ አላለም።

ሰው ማስረዳት ያቃተኝ ይህንን ነው። ወንዛችን በእኛ ዝናብ አይሞላም። ሰሜን የዘነበው ነው ሜዳ ለሜዳ እየተንፏቀቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደርሰው። በዚያን ሰዓት እዚህ ፀሐይ አናት ትበሳለች፣ ደመና የሚባል የለም፣ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ወንዙ ግን ይመጣል። ካርታው ላይ ቀጭን ሰማያዊ ክር ነው። ከመጣ በኋላ ማዶው አይታይም።

እና እኔ መንገዱ ተዘግቷል ስል ሁሉም ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ሰማዩን ሳያይ "እሺ" ቢለኝ ምናለ?

"አያቴም የመጀመሪያዎቹን ነጮች ነግራቸው ነበር" አለችኝ አክስት ደልሲ። "እነሱም ካርታ ይዘው ነበር።" ሳቋን ለቀቀችው። እሷ መሳቅ ትችላለች። እኔ አልቻልኩም።

የካቲት 5

ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ረፋዱ ላይ ባልና ሚስት መጡ። ጡረተኞች። አዲስ መኪና፣ ከኋላው ተጎታች ቤት፣ አቧራ እንኳ በቅጡ ያልነካው። ኔቪል እና ቤሪል። ሚስቲቱ ካርታ ገዛች፣ ሰውዬው የሥጋ ፓይ በላ፣ ጣቱን ላሰ። ከዚያ ወደ መሻገሪያው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጠየቀኝ።

ተዘግቷል አልኩት። ውሃው ዛሬ ይደርሳል፣ ከወንዙ ወደ ላይ ያለውን የላይኛውን እርሻ ትናንት ማታ አልፎታል፣ በሬዲዮ ነግረውናል።

ወደ መስኮቱ ሄዶ ሰማዩን አየ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ተመልሶ መጣና ጠቀሰኝ። ጠቀሰኝ! "ስለ እርስዎ አንብበናል፣ እመቤት" አለኝ።

ጮህኩ። አልክድም፣ ጮህኩ። ውሃው በፍጥነት ባይመጣም እንደማይመለስ፣ ከስር ያለው ጭቃ ጎማ እንደሚውጥ፣ የከብት አጥር ሽቦ ተሸፍኖ እንደማይታይ... ምክሬን ውሃ በላው። በጮህኩ ቁጥር ሰውዬው ይበልጥ ፈገግ ይላል። ቤሪል ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ እንደር ወይ አለችው።

በነጻ እደሩ አልኩ። አልጋ በነጻ፣ እራት በነጻ።

ኔቪል ወደ ሚስቱ ዞሮ "አየሽ?" አላት።

ሄዱ። አቧራቸው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ሮይስ ወደ ጓሮ ሄዶ ሰው ከውሃ የሚያወጣባትን ጀልባ ሞተር መሞከር ጀመረ። እሱን ስሰማ ነው ይበልጥ የተቃጠልኩት።

የካቲት 6

ሰዎቹ በሬዲዮ ተጣሩ። ተጎታች ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥተዋል።

"ይቅሩ" አልኩት ለሮይስ። ከልቤ ነበር። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ወገቡ ጎንበስ ቀና አይልለትም፣ በየዓመቱ ይሄንኑ ነው የሚያደርገው። መጽሐፉን ያመነ መጽሐፉ ያውጣው አልኩ። ፖሊስ ይምጣ አልኩ። ፖሊስ ከየት ይምጣ?

ኮፍያውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፤ ውሃ ላይ ነፋስ ይወስድብኛል ብሎ ነው ሁልጊዜ የሚተወው።

"አንቺ ተናደጂ፣ እኔ ልሂድ" አለ። "ሥራ ተከፋፍለናል እኮ።"

የካቲት 7

አልተመለሰም።

ሰዎቹ ከፍ ያለ አሸዋ ላይ ናቸው፣ ደህና ናቸው፣ በሬዲዮ አወራኋቸው። ሮይስ ዕቃችሁን ላምጣላችሁ ብሎ ተመልሶ ሄደ ይላሉ። ዕቃ! ምን ዕቃ አልኩ። የቤሪል መድኃኒት እና ካሜራው።

ካሜራው።

የካቲት 8

በሕይወት አለ። አለ፣ አለ፣ አለ።

ከብት በሄሊኮፕተር የሚያግደው የላይኛው እርሻ ልጅ ነው ያገኘው። ሞተሩ የአጥር ሽቦ ይዞት ጀልባዋ ተገልብጣለች። ሽቦው እግሩን እስከ አጥንቱ ቆርጦታል። ሌሊቱን ሙሉ ዛፍ ላይ፣ ከጉንዳን እና ከሁለት እባብ ጋር። "ቅርንጫፉን ተካፈልን" አለኝ በስልክ፣ ከሆስፒታል። ሊያስቀኝ ፈልጎ።

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ከዚያ ሰደብኩ። ማንን? ሁሉንም። ባለ ቀይ ኮፍያውን፣ ባለ ለስላሳ ድምፁን፣ ኔቪልን፣ ሮይስንም ጭምር።

የካቲት 15

ባልና ሚስቱ ሊያመሰግኑ መጡ። አበባ ይዘው። ይህን ሁሉ መንገድ አበባ ይዘው፣ ጠውልጎ። ቤሪል እጄን ይዛ አለቀሰች፤ እሷን አልጠላኋትም። ኔቪል "ወንድምዎ ጀግና ነው" አለኝ።

በሩን አሳየሁት። "እኔን አምነውኝ ቢሆን ጀግና አያስፈልግዎትም ነበር" አልኩት። ሳልጮህ ነው ያልኩት፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። አንገቱን ደፋ። ይበለው።

መጋቢት 20

ሮይስ ገባ፣ በከዘራ። እግሩ አይታጠፍም፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ እንደዚሁ ነው ብሎታል። የድሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፓይ በላ፣ ከሆስፒታሉ ምግብ አይሻልም አለ። ቤቱ ሞላ፣ ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ አራት ሰዓት ቆየ። ሁለት ጎረምሶች ነዳጅ ሊቀዱ ገቡ። አንዱ ስልኩን እያየ "የጀልባው ሰውዬ አንተ ነህ?" አለው። ሮይስ እንዴት አወቅክ አለው። ልጁ አነበበለት፤ የአረንጓዴው መጽሐፍ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ኔቪል ጽፎታል።

"ሙንዳራ ላይ ውሃ ቢይዛችሁ አትጨነቁ። ሮይስ የሚባል ደግ ሰው በጀልባ መጥቶ ያወጣችኋል። ከእኛ ሰላም በሉት።"

ሰላም በሉት!

እጄ ላይ ብርጭቆ ነበር። አሁን የለም። ሮይስ በአንድ እግሩ እየዘለለ ስብርባሪውን ሊጠርግ ሲነሳ "ተቀመጥ!" ብዬ ጮህኩበት፣ ጎረምሶቹ ሳይከፍሉ ሊሮጡ ደረሱ። ኔቪል ክፉ ቢሆን ምን ነበረበት። ክፉ አይደለም። ምስጋና መሆኑ ነው እኮ! ወንድሜን አመስግኖ ሊገድለው ነው።

በኋላ ጠየቅኩት። ሰው ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ በዚያ እግርህ፣ ትሄዳለህ? ዝም አለ። ሮይስ ዝም ካለ ይሄዳል ማለት ነው።

ሚያዝያ 9

ሰሜን እንደገና ዘነበ፤ በዚህ ወቅት ያልተለመደ ነው። ውሃው ዛሬ ማታ ይደርሳል።

ሦስት መኪና ሙሉ ሰው መጣ። ወጣት ባለትዳሮች፣ ከኋላ ሕፃናት። ሮይስ ማድ ቤት ድንች ይጠብሳል። መሪያቸው ረጅም ሰውዬ ነው። ተዘግቷል አልኩት። ሰማዩን አየ። ከዚያ ሳቅ ብሎ "ችግር የለም፣ የጀልባው ሰውዬ አለ አይደል?" አለኝ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሚስማሩ ላይ የሮይስን ኮፍያ አየሁ። አስቤ አይደለም፣ እምላለሁ።

"ሞቷል" አልኩ።

"ሰው ሊያወጣ ሄዶ። ሰማዩ እንደ ዛሬ ነበር።" ኮፍያውን በእጄ አሳየኋቸው። አንዷ ሴትዮ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። ረጅሙ ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። ሰማዩን ሁለተኛ አላየም። "አልጋ ይኖርዎታል?" አለኝ በቀስታ።

ማድ ቤት ድንቹ መንጨርጨሩን ቀጥሏል። ጠባሹ ግን ኮሽ አላለም።

ሲተኙ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ሮይስ ዘይት የነካ እጁን እየጠረገ አየኝ። "እንዴት ሞትኩ?" አለኝ።

ሚያዝያ 10

ጠዋት ላይ መሻገሪያው ባሕር ሆኗል። ሕፃናቱን ዳር ቆመው ሲያዩት አየኋቸው። ቆጠርኳቸው፣ አምስት ናቸው። ውስጥ ገብቼ ሻይ ማፍላት አቃተኝ።

ሚያዝያ 14

አክስት ደልሲ ሰምታለች። ተቆጣች። በሞት አይቀለድም አለች፤ ጠርተሽው ቢመጣስ? ቀልድ አይደለም አልኳት። ስለ ሕፃናቱ ነገርኳት። ስለ ሮይስ እግር፣ ዝም ስለ ማለቱ። ረጅም ጊዜ ሻይዋን አማሰለች።

"እንግዲያው በደንብ ይሙት" አለች በመጨረሻ።

መታሰቢያው መስቀል ይሁን ያለው ሮይስ ራሱ ነው። ከአሮጌው አጥር እንጨት ሠራው፣ ነጭ ቀባው፣ ስሙን ጻፈ። የት እንደሚተከል ደልሲ ነች ያሳየችን፤ ውሃው መጀመሪያ የሚነካውን ቦታ እሷ ታውቀዋለች። ሮይስ በከዘራው ተደግፎ የራሱን መስቀል አፈር ሲረግጥ አየሁት። ትንሽ ነበር የቀረው እኮ። በጣም ትንሽ።

ስንመለስ ደልሲ ሮይስን በስሙ አልጠራም አለች። "እኛ የሞተ ሰው ስም አንጠራም" አለች። "አንተ ሰውዬ፣ በሩን ክፈትልኝ።" ከፈተላት።

ሰኔ 2

ዶሮዎቹ ከውሃው ወጥታ ጓሮ የተደፋችው ጀልባ ስር መተኛት ለምደዋል። ሮይስ አላስወጣቸውም።

ጥር 9

የፖስታው መኪና መጣ። ዳቦ፣ ቅባት፣ ካርቶኑ። ላለመክፈት ወስኜ ነበር። ሮይስ ከፈተው፣ ገጹን አወጣ፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

"ሙንዳራ መሻገሪያ ላይ ሰው ሲያድን የሞተ የአንድ ጀግና መስቀል አለ። ውሃው የመስቀሉን እግር ከነካ ተመለሱ፤ ሰማዩን አትመኑ። እህቱ ማደያው ውስጥ ናት። ሐዘንተኛ ስለሆነች ደግ ሁኑላት፤ አልጋም ተከራዩላት።"

"ሰማዩን አትመኑ ይላል" አለ ሮይስ። "ያንቺ ቃል ነው።"

የኔ ቃል ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነጻ ስሰጠው የነበረ ቃል። እውነቱን ስናገር ቀጣፊ አሉኝ፣ አንዴ ብዋሽ ታተመልኝ። ይህን ሳስብ እስካሁን እርር ድብን እላለሁ። ንዴቱ አልወጣልኝም፣ የሚወጣም አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች፣ በእኔ ዕድሜ። መኪና ስንሰማ ሮይስ እንደ ልማዱ ወደ ማድ ቤት ገባ። ሴትዮዋ መጽሐፉን ይዛለች። ምንም ሳትናገር መጥታ አቀፈችኝ። ልገፋት ነበር። ግን ያቺ የካቲት፣ ያ ዛፍ፣ ሮይስን ያላሰማኝ ያ ሬዲዮ መጣብኝ፤ ትከሻዋ ላይ አለቀስኩ፣ የእውነቴን። ማድ ቤት ድስት ወደቀ።

"ማነው?" አለችኝ።

"አብሳዩ ነው" አልኩ።

ዓይኔን ጠረግኩ። ሰሜን ዘንቧል፣ ነገ ውሃው ይደርሳል፣ መንገዱ ተዘግቷል አልኳት። በመስኮቱ ፀሐዩ ጠረጴዛው ድረስ ገብቷል። ወደዚያ አልዞረችም።

"እሺ" አለችና ሻንጣዋን ልታመጣ ወጣች።