ለእትዬ ኡስቲኒያ ቀዝቃዛ ቤት ስለታዘዘው ባለ ሦስት መቶ ፊውዝ

ለክቡር አቶ ፓንፊል ማላሆቭ
የቦዮችና የጀልባዎች ደኅንነት ፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው ማክሰኞ ጭስ የገባበትን የጸሐፊዎን ጉሮሮ ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔና ሱቄ የዳኑብ ወንዝ ትንኝ እስከፈቀደልን ድረስ ደኅና ነን።

ስሜ ቫርላም ኢግናት ነው። ከጀልባ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባትሪ፣ ኬብልና ፊውዝ እሸጣለሁ። ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን ነገር በደብተር የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የሚያገኟቸው ቀኖች ከደብተሬ የተቀዱ ናቸው። የደብዳቤውን ግልባጭ በሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት ደግሞ ቀደም ሲል የላክኋቸው ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ እንደታሸጉ በክብር መቀመጣቸውን ስለሰማሁ ነው።

ጉዳዩ እርስዎ የሚያውቁት ነው፤ ደብዳቤውን በሩ ላይ ቆመው ለሚያነቡት ግን ባጭሩ ልናገር። እትዬ ኡስቲኒያ በቦዩ ላይ በምትንሳፈፈው ቤቷ ውስጥ እኛ ቀዝቃዛው ቤት የምንለው የዓሣ ማቀዝቀዣ አላት፤ እዚያው ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። የመንደራችን አጥማጆች የያዙትን የሚያስቀምጡት እሷ ዘንድ ነው። ማቀዝቀዣው የሚሠራው በባትሪ ነው። ሆሳዕና የፊታችን እሑድ ነው፤ በጾሙ መካከል ዓሣ የሚፈቀድበት ቀን ነውና ስክሩምቢያ የተባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዙ ሲወጣ መንደሩ ሁሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ሳምንት ነው። የእርስዎ የፍተሻ ማኅተም ከሌለ ግን የእትዬ ኡስቲኒያ በር አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተም የመንደሩ ዓሣ ፀሐይ ላይ ይቀራል።

ቅሬታዎቼን ክቡርነትዎ በሚወዱት መንገድ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን ወደ ቀዝቃዛው ቤት መጥተው፣ ከባትሪው አጠገብ ያለውን ባለ 125 አምፔር ፊውዝ በጣትዎ መታ መታ አድርገው፣ «ይሄ ቀጭን ነው፣ በባለ ሦስት መቶ ይቀየር» ብለው ማዘዝዎ በመዝገብ ሰፍሯል። ፊውዙን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና አመራረጤን ልናዘዝ። የባትሪውን ኃይል ለማቀዝቀዣው የሚቀይረው ኢንቨርተር ሁለት ሺህ ዋት ነው፤ ባትሪው ሃያ አራት ቮልት ነው፤ ሁለት ሺህን ለሃያ አራት ሲያካፍሉት ሰማንያ ሦስት አምፔር ይሆናል። ባትሪው ሲደክምና ኢንቨርተሩ የራሱን ድርሻ ሲበላ ወደ መቶ ይጠጋል። በዚያ ላይ ሩቡን ጨምሬ መቶ ሃያ አምስት አልኩ። ኬብሉ ደግሞ ሳይሞቅ መቶ አርባ ይሸከማል። ፊውዙ ከሥራው በላይ፣ ከኬብሉ በታች ሆነ ማለት ነው። ይህን ስሌት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል፤ ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎን በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ማስቸገሬን እንደ ጥፋት ቆጥሬዋለሁ።

2ኛ. ስለ ትእዛዙ ምክንያት የሰጡትን ትምህርት በአድናቆት አስታውሳለሁ። ባለፈው በጋ የጋሽ ኒኪፎር ጀልባ ፊውዝ ተቃጥሎ ዓሣው ስለበሰበሰ አቤቱታ እንደደረሰዎትና፣ መፍትሔውም የመልህቅ ገመድ ስንመርጥ እንደምናደርገው ወፍራሙን መምረጥ እንደሆነ ነግረውናል። እኛ የዚህ ቦይ ሰዎች እንዲህ ነው የምናስበው፤ ገመድ ከወፈረ ሰላም እንተኛለን። እርስዎም የአጥማጅ ልጅ ነዎትና አልፈርድብዎትም። የጋሽ ኒኪፎርን ኬብል አይጥ በልታው ሽቦው ከብረት ጋር ተገናኝቶ እንደነበር፣ ፊውዙም የተቃጠለው ጋሽ ኒኪፎር እንዳይቃጠል እንደሆነ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ፣ እኔም ሳልጠየቅ መናገሬን አሁን አፍርበታለሁ።

እትዬ ኡስቲኒያ ግን አላፈረችም። በሕፃንነትዎ አዝላዎት ስለነበር ይመስለኛል አንቱታውን ረስታ እንዲህ ያለችዎት፦

«አንተ ፓንፊል፣ አባትህ መንጠቆውን ከዋናው ገመድ ጋር የሚያስረው በምን ነበር? በቀጭን ሲባጎ አልነበረም? ለምን ይመስልሃል፣ ወፍራም ገመድ አጥቶ ነው?»

ከዚያም ቀጠለች፦

«መንጠቆው ከውኃ በታች ግንድ ሲይዝበት ሲባጎዋ ትበጠስና ዋናው ገመድ ይተርፋል። ሲባጎዋን ብታወፍራት ገመዱም ይሄዳል፣ ጀልባውም ይገለበጣል። የቫርላም ፊውዝ ያቺ ሲባጎ ናት፣ የኔ ልጅ።»

የሰጧት መልስ በደብተሬ ቃል በቃል አለ፦ «ያ ዓሣ ነው እትዬ፣ ይሄ መብራት ነው።» እንዲህ ያለ የጠራ ልዩነት ከኃላፊ አፍ በመስማቴ ዕድለኛ ነኝ።

3ኛ. ትእዛዝዎ «ማናቸውም የአምፔሩ መጠን የተጻፈበት ፊውዝ» ይላል፤ ለዚህ ለጋስነትዎ ገበያው ሁሉ ያመሰግንዎታል። ከገበያው ጫፍ ያለው ባልደረባዬ ለቤት መብራት የተሠሩትን ፊውዞች ለጀልባ እየሸጠ ነው። የቤት መብራት በአንድ ሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ያርፋል፤ ፊውዙ ሲቀልጥ የሚዘለው እሳት በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። የባትሪ ኤሌክትሪክ ዕረፍት የሚባል አያውቅም፤ ፊውዙ ቀልጦም ቢሆን እሳቱ በክፍተቱ ላይ ድልድይ ሠርቶ ይሄዳል። የዛሬዎቹ የሊቲየም ባትሪዎች ደግሞ ሾርት ሲያደርጉ ብዙ ሺህ አምፔር በአንድ ጊዜ ይተፋሉ። ስለዚህ ፊውዙ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን፣ ለባትሪ የተሠራ መሆኑና ስንት ሺህ አምፔር መቁረጥ እንደሚችል ይታያል። ይህ በትንንሽ ፊደላት ስለሚጻፍ ክቡርነትዎ የንባብ መነጽርዎን በረሱበት ቀን ባያዩት አይገርምም።

4ኛ. እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰው የጠየቀኝን እሸጣለሁ፤ ለምን ገዛህ ብዬ ሰው አልመረምርም። ማርች 5 ቀን እትዬ ኡስቲኒያ መጥታ፣ «ይሁን፣ ባለ ሦስት መቶውን ስጠኝና ማኅተሜን ላግኝ» ስትለኝ ግን አልሸጥኩላትም። የት እንደምትተኛ አውቃለሁ፤ ከኬብሉ በላይ፣ በእንጨት ወለል ላይ ነው የምትተኛው። ተቆጥታኝ፣ «አንተም እንደሱ ኃላፊ ሆንክብኝ?» ብላ ሄደች። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም።

5ኛ. አሁን ወደ ማክሰኞ፣ ማርች 24 እመጣለሁ፤ በሐዘን ሳይሆን በምስጋና። ጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዙን በቅድሚያ በራሱ ጀልባ ላይ በመፈጸም ያሳየው አርአያነት ሊመሰገን ይገባል። ለማሞቂያውና ለውኃ ማፍያው ሲባል ትልቅ ኢንቨርተር ተገጠመ፤ የድሮው ኬብል እንዳለ ቀረ፤ በላዩ ላይ ባለ ሦስት መቶው ፊውዝ ተቀመጠ። በእኩለ ቀን ማሞቂያውና ማፍያው ባንድነት ተከፈቱ። ሁለት መቶ ሃያ አምፔር፣ መቶ አሥር በሚሸከም ኬብል ውስጥ ገባ። ፊውዙ ሦስት መቶ እስኪሞላ ይጠብቅ ስለነበር ምንም የሚያሳስበው ነገር አላየም። ኬብሉ ግን ለብሶት የነበረውን ፕላስቲክ አቀለጠ፣ ከዚያም መቀመጫውን፣ ከዚያም የጀልባውን ግማሽ ጎን ይዞ ነደደ። ጸሐፊዎ ወደ ማቆሚያው ዘለለ። የባትሪውን ማጥፊያ እጀታ የዘጋችው፣ የራሷን የእሳት ማጥፊያ ይዛ ሮጣ ነበልባሉን ያጠፋችው እትዬ ኡስቲኒያ ናት። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

በማግሥቱ የወጣውን ሪፖርትዎን አነበብኩ። የቃጠሎው ምክንያት «የአየሩ እርጥበት» ነው ይላል። ስለ ፊውዙ ደግሞ «ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

6ኛ. አርብ ዕለት ጸሐፊዎ ወደ ቀዝቃዛው ቤት መጥቶ፣ እየሳለ፣ አዲስ ጉድለት መዝግቧል። «የእሳት ማጥፊያው ባዶ ነው።» እትዬ ኡስቲኒያ መዝገቡን አይታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በማን ላይ እንዳፈሰስኩት የሚጻፍበት ቦታ የለውም?» ጸሐፊዎ ቅጹን አገላብጦ ፈልጎ እንደሌለ ነገራት።

ክቡርነትዎ፣ ማጥፊያዋን ዛሬ ጠዋት ሞልቼ አስገብቼላታለሁ። ባለ 125 ፊውዙ እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ እዚያውም ይቆያል። እሷም ባለ ሦስት መቶውን ከየትም እንደማትገዛ ቅዳሜ መጥታ ነግራኛለች፤ የሰደበችኝንም አንስታለች። የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ረቡዕ ጠዋት ማቆሚያው ላይ እንጠብቅዎታለን። ጀልባዎ በጥገና ላይ ስለሆነ ጋሽ ኒኪፎር በራሱ ጀልባ ሊያመጣዎት ፈቃደኛ ነው። የእሱም ፊውዝ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ያለ ሥጋት መሳፈር ይችላሉ።

በቀጭኑም በወፍራሙም ዘመን ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝ አክብሮት የማይበጠስ መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ አምላክ ማኅተምዎን ከእጅዎ፣ እጅዎንም ከእሳት እንዲጠብቅልዎ እየለመንኩ፣

ታዛዥዎ
ቫርላም ኢግናት፣ የባትሪ ነጋዴ
ማርች 30

ማስታወሻ፦ የጀልባዎን የተቃጠለ ጎን ያነሡት ሰዎች በአመዱ ውስጥ ያገኙትን ባለ ሦስት መቶ ፊውዝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ጠርጌ፣ በመለኪያ ፈትሼዋለሁ፤ ልክ እንዳሉት አልተበጠሰም። ለሚቀጥለው ጀልባዎ ያገለግላል።