ሸጊቱ እና የድብ ባሕር ደወል

ሰኞ

ተሰነጠቀ! የኋላው ቀኝ ጎማ ፍሬን ታምቡር፣ የፍሬን ሸራው የሚጫነው ክብ ብረት፣ ከጠርዙ እስከ ቡሎን ቀዳዳው ድረስ። ጣቴን ሳሳልፍበት ጥፍሬን ያዘኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት በእጄ የኖረች ማኪና ናት። ሞተሯን ሦስት ጊዜ አውርጄ ሰቅያለሁ። ሸጊቱ ብዬ ስም ያወጣሁላትም እኔ ነኝ። ዛሬ ሊማሊሞን ወርዳ ድብ ባሕር ስትደርስ ጎማዋ ይጨስ ነበር። ሙላት፣ ሾፌሩ፣ ከምንጩ በጀሪካን ቀድቶ ውሃ ደፋበት። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ጧ! አለ።

የጫንነውን ሲሚንቶ ሌላ ማኪና አዛውሮ ወሰደልን። እኛ እዚሁ ቀረን።

ማታ የማኪናዋ ባለቤት እትዬ ዘይነብ ከጎንደር ደወሉ። ሙላት ውሃ ደፋበት አልኳቸው። «ታረቀኝ፣ ወላሂ ሰልችቶኛል። ቅዳሜ ብረት ገዢዎቹ ይመጣሉ። እስከ ዓርብ በራሷ ጎማ እዚህ ጎንደር አራዳ ካልገባች እዚያው ቆራርጠው ይውሰዷት» አሉ።

ሸጊቱን ለማቅለጫ! እኔ በሕይወት እያለሁ!

ማክሰኞ

የደወልኩላቸው፦
አራዳ ያለው የመለዋወጫ ሱቅ፦ «ጋሼ፣ የዚህች ዕቃ ከጠፋ ቆየ።»
አዘዞ ያለው ጋራዥ፦ ሳቁብኝ።
ዳባት አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ የቀረችው እኩያዋ፦ ታምቡሯ ከእኛው የባሰ ነው።

ሙላት «የአንዱን ጎማ ፍሬን ዘግተን ቀስ እያልን እንውጣ» ሲል ጮኽኩበት። ሊማሊሞ ላይ ማርሽ ስትቀይር ሞተሩ ቢጠፋብህ ወደ ኋላ የምትሄደው ወዴት ነው? ጀሪካኑን አንስቶ ወደ ምንጩ ሄደ። ከትናንት ወዲህ ዝምታው ይከብደኛል።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ደብተር እንኳ ይወቀው። ውሃውን የደፋው ሙላት ነው። «ድፋበት፣ ምን ትጠብቃለህ!» ብዬ የጮኽኩት ግን እኔ ነኝ። እሱማ «ትንሽ ይብረድ» ብሎኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለእትዬ ዘይነብ ስነግራቸው አጠገቤ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስንት ልጅ ያስተማርኩ መካኒክ ነኝ። አፈርኩ።

ረቡዕ

ጠዋት ሸጊቱ ሥር ተኝቼ ሳለሁ የድብ ባሕር ትምህርት ቤት ደወል ተደወለ። ጆሮዬ ቆመ።

አገሩ ሁሉ ለትምህርት ቤት ደወል የሚሰቅለው ጎማ የሚገጠምበት አሮጌ ቸርኬ ነው። ቸርኬ ሲመቱት ቀጭን ድምፅ አለው። ይሄኛው ወፍራም ነው። ተነስቼ ሄድኩ። ባሕር ዛፉ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ታምቡር ነው! ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ፤ እንደ እኛው አስር። ስፋቱን በገመድ ለካሁ፤ ልክክ አለ። ድሮ እዚህ ገደል ከገባች የሸጊቱ ዓይነት ማኪና የተረፈ መሆን አለበት።

ደስታ ነው መሰለኝ አቅሌን ያሳተኝ። ብረት ጤንነቱ የሚታወቀው ሲመቱት ነው። ድምፁ ከጠራ ደህና ነው፤ እንደ ገል ካንቋረረ ተሰንጥቋል። የቡሎን ቁልፌን አወጣሁና መታሁት። ጠራ! ዙሪያውን እየዞርኩ መታሁት። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ!

ዞር ስል ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይፈነጥዛል። ለካ ፈተና ላይ ነበሩ።

ጥበቃው አያ ንጉሤ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ምነው አንተ ሰው! ይኸን ደወል ሠላሳ ዓመት የደወልሁት እኔ ነኝ፤ አንተን ማን ሾመህ?» ርዕሰ መምህርቷ ተማሪዎቹን መልሳ ለማስገባት ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። በዚህ ላይ ደወሉን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። አያ ንጉሤ በር ድረስ ሸኙኝ፤ በዱላ።

ሙላት ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሐሙስ

የሸጊቱን ተጠባባቂ ጎማ ፈትተን ቸርኬውን አወጣን። ለሁለት ተሸክመነው ሄድን። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ቀጥሎ ልውውጡን አቀረብኩ። ርዕሰ መምህርቷ «አያ ንጉሤ ከተስማሙ» አለች።

አያ ንጉሤ ቸርኬውን እንደ በሬ ዞረው አዩት። «ድምጡ ታች መንደር ካልደረሰ አልሰጥም» አሉ። ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠበቅን፤ እኔም ከትናንቱ ተምሬያለሁ። ቸርኬውን ሰቀልነው። እሳቸው ቁልቁል ወረዱ፣ ሙላት መታ። ብዙ ቆይቶ ከታች «ሸጋ ነው!» የሚል ጩኸት ሰማን።

ታምቡሩን ሲያወርዱልኝ አያ ንጉሤ ጠየቁ፦ «የናንተውን ማን ነው የሰነጠቀው?»

ሙላት አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት። «እኔ ነኝ፤ ሳይበርድ ውሃ አስደፋሁበት።» እሳቸው «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ሰንሰለቱን መፍታት ቀጠሉ። ሙላት ወደ ባሕር ዛፉ ዞረ። ለማያውቁኝ ሰው መናገሩ ቀላል ነው፤ እትዬ ዘይነብ ቀርተውኛል።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት። ጠርዙ ላይ የሠላሳ ዓመት የዱላ ምልክት አለ፤ የፍሬን ሸራው የሚነካው ውስጡ ግን ንጹሕ ነው። ጎማዋን ገጥመን ቁልቁለቱ ላይ ሞከርናት። ቀጥ! እንዲህ ነው ሥራ።

ዓርብ

ሊማሊሞን ያለ ተጠባባቂ ጎማ ወጣን። በየመታጠፊያው ሙላት ፍሬን ሲይዝ ጆሮዬ ኋላ ነበር። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አንድ አዲስ ማኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን መብራት ሁሉ እያየ ስልክ ያወራል። ሸጊቱ ሽቅብ እያጓራች አለፈችው። ኩራቴን አልደብቅም፤ መስኮት አውርጄ እጄን አውለበለብኩለት።

ደባርቅ ላይ ወርጄ ታምቡሩን በመዳፌ ነካሁት። ለብ ብሏል፣ በቃ።

አስር ሰዓት ላይ አራዳ ገባን። እትዬ ዘይነብ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ሸጊቱን ዞረው አዩዋት። ተጠባባቂ ጎማው የነበረበትን ባዶ ቦታም አዩ። ሙላትን ከአጠገቤ ሳላርቅ ተናገርኩ። «ውሃውን ያስደፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ይብረድ ብሎኝ ነበር። ሰኞ ዋሸሁዎት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሙላት አንተን ሳያስፈቅድ መስታወት እንኳ ጠርጎ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እስከ ዓርብ ያልሁት ለማኪናዋ ብቻ መሰለህ?»

ስለ ቅዳሜዎቹ ብረት ገዢዎች ልጠይቃቸው አስቤ የሸጊቱን በር መዝጋት ያዝኩ። እሳቸው ወደ ሱቁ ሊገቡ ካሉ በኋላ ዞር አሉ።

«ነገ ቸርኬ ፈልግላት፣ ታረቀኝ» አሉ። «ሰኞ ዛሪማ ጭነት አለ።»