በሐረጎ ቁልቁለት የታረመው ርቀት

ሰኢዴ፣ የኔ ጌታ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። የኮምቦልቻው ቤታችን ጣሪያ ታድሷል። ስሌት የሞላህበትን የሳሎን ግድግዳ ግን ቀለም አላስነካሁትም፤ ቀቢው ተቆጥቶ ሄደ። እኔ ያው ሂሳብ አስተምራለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቤት አይደለም። ተበቅዬልሃለሁ።

ያ ደሴ ላይ አብሮህ ሲያስተምር የነበረው ጓደኛህ፣ ለቅሶህ ላይ ሦስት ቀን ከድንኳኑ ሳይጠፋ፣ ለማስታወሻ ይሁነኝ ብሎ ጥቁሩን ደብተርህን ለመነኝ። እኔ ሞኝ፣ አልቅሼ ሰጠሁት። ዘንድሮ የዕድሜህን ልፋት በራሱ ስም መጽሔት ላይ አሳትሞ፣ ደሴ ላይ ሲያቀርብ እንድገኝለት ጋበዘኝ። ድፍረቱ! ምስጋናው ውስጥ እንኳ ስምህ የለም።

ደብተሩ ውስጥ የነበረው ግን ስህተትህ ነው። ትዝ ይልሃል፣ ከደሴ ወደ ቤታችን በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ? ክሎን ማለት ፈንክሽኖቹን፣ ግብዓት ተቀብለው ውጤት የሚሰጡትን ቀመሮች፣ እርስ በርስ ብታገጣጥማቸው ውጤታቸው ከዚያው የማይወጣ ስብስብ ነው እያልክ ታስረዳኝ ነበር። የሁለት ክሎኖችን ርቀት የለካኸው ግን ሁለት ግብዓት ባላቸው ፈንክሽኖች ብቻ ነበር። ሦስት ግብዓት ላይ ቢለያዩስ አልኩህ። ያኔ የተማሪዬን የፈተና ወረቀት ነጥቀህ፣ ጀርባው ላይ ግብዓቱን አንድ በአንድ እየጨመርክ፣ መጀመሪያ በሚለያዩበት ቦታ ርቀቱን እንደ አዲስ ለካኸው። መንገዱ ስለሚያንገላታን ጽሕፈትህ ተንጋዷል። ያ ወረቀት እኔ ጋ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ሳለ እጄን አወጣሁ። ዜሮ ወይም አንድ ከሆኑ ሦስት ግብዓቶች የበዛውን የሚመርጠው ፈንክሽን የሚያስገኘውን ክሎን፣ ከግብዓቶቹ አንዱን እንዳለ ከመመለስ በቀር ምንም ከማይሠራው ክሎን ጋር እንዲለካልኝ ጠየቅሁት። በሁለት ግብዓት ብቻ ሲታዩ ሁለቱ ስለማይለያዩ፣ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ወጣበት። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ርቀታቸው ዜሮ ከሆነ ልኬቱ ልኬት አይደለም። ሰሌዳውን አጥፍቶ እንደገና ሠራው፤ ያው ዜሮ። ላቡ ሲንቆረቆር ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።

ባለፈው ጁምዓ ቤት ድረስ መጣ። አፉ በይኝ፣ በድያለሁ፣ እርማቱ ካለሽ በእኔና በሰኢድ ስም እናውጣው ብሎ ለመነኝ። ሻይ እንኳ ሳላቀርብ ሸኘሁት። በማግስቱ የደብተርህን ሥራ ከእርማቱ ጋር፣ በአንተ ስም ብቻ ለመጽሔቱ ላክሁት።

በየዱዓዬ አለህ፤ እስክከተልህ አልረሳህም። እሱንም አልረሳም። አንተ ሆደ ገር እንደሆንክ አውቃለሁ፤ አፉ በይው ልትለኝ በሕልሜ እንዳትመጣ። አንተም ብትሆን እሺ አልልህም።