አራት ጊዜ የተሸጠ አንድ ዘፈን

ማክሰኞ

አልገዛውም። ጠዋት ፋርማሲው ሰው ሳይበዛበት ስልኬን ከፈት ባደርግ ነቢል ነጠላ ዜማውን ለቆታል። ነጠላ ይባል እንጂ አራት ነው፦ ዋናው፣ አንዲት ዘፋኝ በፒያኖ የተጫወተችው፣ ሌላ ባንድ ሬጌ ያደረገው፣ መጨረሻ ላይ ሪሚክስ። ዘፈኑ ግን ያው አንዱ ነው። ለዚያውም ግማሹ የኔ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ጀጎል ውስጥ እናቱ ቤት ቁጭ ብለን ዜማውን እሱ፣ ጊታሩን እኔ ነን ያወጣነው።

የተሳተፉትን ስም ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ያቀናበረው አለ፣ ጊታር የተጫወተው አለ፣ ፎቶ ያነሳው አለ፣ ፀጉሩን የሠራለት ሳይቀር አለ። እኔ የለሁም።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ ያኔ የቀረጽነውን ጊታርሽን አልተጠቀምንበትም፣ ድምፁ ቆሻሻ ስለነበር ሌላ ልጅ እንደ አዲስ ተጫወተው ብሎኝ ነበር። ከፋኝ፣ ግን አመንኩት። ቀረጻችን እውነትም ቆሻሻ ነበር።

ረቡዕ

ገዛሁት። ምን ላድርግ፣ አላስቻለኝም።

ዋናው፦ ከበሮው ጆሮ ይበጥሳል፣ ጊታሩ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። ፒያኖው፦ ልጅቷ ድምፅ አላት፣ ግን ተናደን የሠራነውን ዘፈን እሹሩሩ አድርጋዋለች። ሬጌው፦ ከፈረስ መጋላ ለሚነሳ ባጃጅ ይሆናል። ሪሚክሱን ሳልጨርስ መድኃኒት ፈላጊ መጣ።

አብራኝ የምትሠራው ትዕግሥት "ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ። ቆይ ልጨርሰውና እነግርሻለሁ አልኳት።

ሐሙስ

ሪሚክሱ መሃል ላይ ከበሮውንም ድምፁንም አውጥተው ጊታሩን ብቻውን ትተውታል። ከሥሩ ዝርርር የሚል ነገር አለ። ደጋግሜ ሰማሁት።

የእማማ ዘይነባ ሰሃን ነው።

እማማ ዘይነባ የነቢል እናት ናቸው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ እንደ ጀጎል ሴቶች ሰሃን በሰሃን ደርድረዋል። ያኔ ወፍራሙን ክር በመታሁ ቁጥር በሁለተኛው ረድፍ ያለው፣ ጠርዙ የተላጠው ባለ አረንጓዴ አበባ ሰሃን ይንቀጠቀጥ ነበር። እናውርደው ብንላቸው "ወላሂ፣ ለዘፈን ብዬ ግድግዳዬን አላራቁትም!" አሉን። ወረቀት ወተፍንበት፣ በሻሽ ሸፈንነው፣ እምቢ አለ። ከነዝርርታው ቀረጽነው።

ታዲያ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ይሄ ሰሃን ምን ይሠራል? የኔ ጣቶች ናቸው። ጣቶቼን ወስዶ፣ ቆሻሻ ናቸው ብሎኝ፣ የሌላ ሰው ስም ለጠፈባቸው። ሪሚክሱ ላይ የሚጫወተው ማነው ብዬ ጻፍኩለት። "አቦ ሜሪ፣ አዲሱ ልጅ ነው አልኩሽ እኮ" አለ፣ ከኋላው የሳቅ ምልክት አስከትሎ። የዋሸኝ ሳያንስ መሳቁ አቃጠለኝ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሳሳስት ዋልኩ። ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ጀጎል ወሰደኝ። ለእናት ስለ ልጇ ምን ይባላል? ሰሃኑን በዓይኔ አይቼ፣ ሰላም ብዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ገና ሳልቀመጥ እማማ ዘይነባ "የልጄን ዘፈን ሰማሽው? የኔ ስልክ አልከፍት አለኝ" አሉ። አራቱንም አሰማኋቸው። ለዋናው "ማሻአላህ" አሉ፣ በፒያኖው አዛጉ፣ በሬጌው "ይሄ ደግሞ የማነው?" አሉ። ሪሚክሱ መሃል ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ፣ ቆይ። ሰሃኔ!" ሳቁ። "ያ ረቢ፣ ሰሃኔ አዲስ አበባ ገባ! አንቺ ነሻ የምትመቺው። ስምሽን ጽፏል አይደል?"

ጽፏል ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "አልጻፈም" ነው። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

ይደውሉለታል ብዬ ፈራሁ፣ አልደወሉም። መደቡ ላይ ወጥተው ሰሃኑን አወረዱት፣ በሻሻቸው ጠቅልለው እቅፌ ውስጥ አስቀመጡት። እምቢ ብል አልሰሙኝም።

"ለዒድ ይመጣል" አሉ። "ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይሄን ግድግዳ ነው። ሰሃኑ የት ሄደ ብሎ ይጠይቀኝ። ያኔ እነግረዋለሁ።"

መንገድ ላይ አለቀስኩ። በሱ ይሁን በሳቸው አላውቅም።

ቅዳሜ

ትዕግሥት አልረሳችም፣ "እሺ፣ ልግዛው?" አለች። ሦስቱ አይረቡም፣ ለሪሚክሱ ስትይ ግዢው አልኳት። ምን አለው ብትለኝ "ጊታሩን የምጫወተው እኔ ነኝ" አልኳት። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ።

ነቢል ሁለቴ ደውሎ ነበር፣ አላነሳሁለትም። የሰሃኑን ነገር ከእናቱ ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አላውቅም።

ሰሃኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አጠገቡ ሆኜ ወፍራሙን ክር ብመታው ዝም አለኝ። ግድግዳቸው ላይ ካልሆነ አይጮህም መሰለኝ። ለዒድ ሁለት ሳምንት ቀርቷል፤ እስከዚያ እማማ ዘይነባ ሳሎናቸው በገቡ ቁጥር ባዶውን ምስማር ያያሉ።