ከወይራው ሥር የተደፋው ሙቀጫ

ጥሩዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ እናንተ ዘንድ መሰንበት ይኑር አይኑር አላውቅም። ከተለየሽን አራተኛው ሁዳዴ ገባ። ጡት ሳትጥል የተውሻት ልጃችን ብርቄ አሁን ከጓሮ ዶሮ ታባርራለች። የጃንሆይ መንገድ መካነ ኢየሱስ ሊደርስ ነው ይባላል፤ እኛ ግን አሁንም በበቅሎ ነን። ቤቱን የያዙልኝ ታላቅ እኅቴ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ጠባያቸውን ታውቂዋለሽ፤ ሳይቆጡ እሳት አይነድላቸውም።

ተልባ ሲነካሽ ከንፈርሽ ሲያብጥ፣ ጉሮሮሽ ሲዘጋ አገሩ ሁሉ ዛር ነው ይል ነበር። እኔም ቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ሆኜ፣ አይደለም ብዬ አፌን ሞልቼ አልተናገርኩም። አንቺ ከማንም ሳትሟገቺ የተልባውን ሙቀጫ ከወይራው ሥር አፉን ደፍተሽ ታኖሪው፣ ድድሽን በአውራ ጣትሽ እያሸሽ ትታጠቢ ነበር። ያ ከኛ የለየሽ የለቅሶ ቤት ሽሮ ተልባ በነካው ጭልፋ ወጥቶ እንደቀረበልሽ ሳስብ ዛሬም እበግናለሁ።

ዘንድሮ እትዬ ዘውዴ፣ ዛሩ ከሷው ጋር ተቀብሯል ብለው ሙቀጫውን በሰው አሸክመው ወደ ቤት አስገቡት። ጠዋት ከወይራው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። እሳቸው እኔን ጠረጠሩ፣ እኔም እሳቸውን። መልሰው አስገቡት፤ ተመልሶ ወጣ። ብቻዬን ላነሳው ብሞክር ወገቤን ያዘኝ።

ከትናንት ወዲያ ከቅዳሴ ስመለስ ብርቄ እንደገና ከገባው ሙቀጫ አጠገብ ተቀምጣለች። ተልባ ልሳ ኖሮ ከንፈሯ አብጧል፤ አንገቷን ልክ እንዳንቺ ትፎክታለች። ሮጬ አነሳኋት። ነገር ግን አፏም እጇም ታጥቧል። እትዬ ወንዝ ወርደዋል፤ እንስራው እንደተከደነ ነው። ማን አጠበሽ ብላት፣ እጇ የሚቀዘቅዘው ሴትዮ አለችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ድዷን አሸች። ይህን ማን አሳያት? እብጠቱ እስኪጎድል ታቅፌያት ትንፋሿን ሳዳምጥ ዋልኩ። ፈራሁሽ ጥሩዬ፤ ናፈቅሽኝም።

ሙቀጫውን እትዬ ራሳቸው በጎረምሶች አሸክመው ከግቢ አስወጡት። ብርቄም በሰው ቤት፣ ጭልፋው ተልባ ነክቶት እንደሆነ ሳትጠይቅ እንዳትቀምስ አስተምሬያታለሁ። ለጎረቤቱም ለማኅበርተኛውም ነግሬያለሁ፤ ዛር ነው ቢሉም ይበሉ፣ ብቻ ይጠንቀቁላት። በሰው ቤት ጭልፋ ባየሁ ቁጥር አስብሻለሁ፤ እስክሞትም አልረሳሽም።

አሁን እኔ አለሁላት፣ አንቺ ዕረፊ ልልሽ ነበር። አልቻልኩም። ስትመጪ ብቻ እኔንም ቀስቅሺኝ።