የመምህር ዱባለ ኮምፒውተር ድምፅ

ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለዲሪርሳ፣

አካም ጅርታ ወንድሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? ጆሃንስበርግ ብርዱ ገባ ብለህ ነበር፤ ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ማርቲ ደህና ናት? ሕፃኑ ዮአብስ ጥርስ አወጣ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የሚያስቸግረን ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ የደስታ ወሬ ነው። ጋሽ ተረፈ ኮምፒውተር መጠገኛ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ቻርጀርና ፍላሽ ስሸጥ እንደኖርኩ ታውቃለህ። ኮሌጅ የተማርኩትን ጥገና ማን ሊያስነካኝ!

ባለፈው ማክሰኞ ግን መምህር ዱባለ የሚባሉ ዓይነ ስውር አስተማሪ ከሱሉልታ ድረስ ኮምፒውተራቸውን ከነዕቃው በሚኒባስ አስጭነው መጡ። ኮምፒውተሩ ጽሑፍ በድምፅ ያነብላቸዋል። አሁን ግን የመጽሐፉን ገጽ እያነሣ የሚያስገባለት ስካነር ሥራ በጀመረ ቁጥር ማዳመጫውም ኪቦርዱም እኩል ጸጥ ይላሉ። ሌላ ቦታ ያሳዩት ሰው ‹‹ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይጣል›› ብሏቸዋል። የማስተርስ ጽሑፋቸውን ደግሞ አርብ ማስረከብ አለባቸው። ‹‹ካልሆነ ትምህርቱን እተወዋለሁ ልጄ›› አሉኝ።

ጋሽ ተረፈ መርካቶ ሄደው ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ ከፈትኩት። ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። የዩኤስቢዎቹን መስመር በጣቴ ተከተልኩ። የኋላዎቹ ቀዳዳዎች እዚያው ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን በቀጭን ገመድ ዞረው ነው ቦርዱ ላይ የሚሰኩት። የመምህሩ ዕቃ ሁሉ ለእጃቸው እንዲቀርብ ተብሎ ከፊት ባለው አንድ ቀዳዳ፣ በሃብ ተሰክቷል። ሃብ አንዱን መስመር ለአራት የሚያካፍል ትንሽ ሣጥን ነው፤ የእሳቸው ደግሞ የራሱ ኃይል የለውም። አንዱ ጎረቤት በርሜሉን መሙላት ሲጀምር የእኛ ቧንቧ ጠብታ እንደሚያጣው በለው። ስካነሩ ኃይሉን ሲስበው ሌሎቹ ተራቡ እንጂ የተቃጠለ ነገር የለም!

ስካነሩን ነቅዬ ከኋላ ለብቻው ሰካሁት። መምህሩ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ስካነሩ መጽሐፉን ማንሣት ጀመረ። ‹‹እያነበበ ነው! አልተቋረጠም!›› ብለው ጮኹ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እንዳስዳስሳቸው ጠየቁኝ፤ የትኛው በቀጥታ፣ የትኛው በገመድ እንደሚሄድ በጣታቸው ለዩት። ‹‹ገለቶሚ ልጄ፣ አመሰግናለሁ! ከእንግዲህ ማንም በኮምፒውተሬ አያታልለኝም›› ሲሉኝ እንባዬ መጣ።

አርብ ዕለት ጽሑፋቸውን አስረክበው ጋሽ ተረፈ ዘንድ ደወሉና የሠራሁትን ነገሯቸው። ጋሽ ተረፈም ስልኩን ዘግተው ‹‹እስከ ዛሬ ቻርጀር ያስሸጥኩሽ ጥፋቱ የእኔ ነው›› አሉና በመስኮቱ በኩል ያለውን የጥገና ጠረጴዛ ሰጡኝ። እማዬ ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶቻችን ሽማግሌ የተላከልኝ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። እልልታው ለኮምፒውተር ነው ሲባሉም አልተመለሱም፤ ቁጭ ብለው ሲመርቁኝ አመሹ።

አባባ ‹‹በርታ ልጄ›› ይልሃል። ትንሿ ሊቤ ሰላም ብላሃለች። ማርቲን በጉንጯ፣ ዮአብን በእግሩ መዳፍ ሳምልኝ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ‹‹እህቱ የኮምፒውተር ሐኪም ሆናለች፣ በደንብ አድርገሽ ጻፊው›› እያለችኝ ነው፤ ይኸው ጻፍኩት።

እህትህ ላሊሴ
ቡራዩ፣ ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.