እጅጌው ወደ ኋላ ዞሯል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ዩኒፎርም ስቀመቅም ዋልኩ። ክር እየተበጠሰ አስቸገረኝ። እጄ ደክሟል፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አትታዘቢኝ ደብተሬ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፍብሽ።

የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ስብሰባ ነበረ። ሊቀ መንበሩ አቶ እንየው አዲስ ነገር አመጣ። ሁላችንም ባንድ ላይ ስንሰበሰብ ከጭቅጭቅ በቀር የሚተርፈን የለም፣ በትንንሽ ክበብ እንከፈል አለ። ሰው በሚወደው ሥራ። ጥልፍ የሚወድ ከጥልፍ ሠሪ ጋር፣ የስፌት መኪና መጠገን የሚወድ ከጠጋኝ ጋር። በየሳምንቱ አንድ ሰው ቤት። ሁሉም የሰፋውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ጥፋቱን ይነግረዋል። ሥራው ይኸው ነው። ታኅሣሥ ሲያልቅ ያለቀ ሥራ ያላሳየ ክበብ ይፈርሳል፣ ሰዎቹም ወደ ዩኒፎርም ክበብ ይገባሉ።

እጄን አወጣሁ። የኮት ክበብ ይኑር አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ደህና አድርጋ ኮት የምትሰፋ ልጄ ማስተዋል ነበረች። ባሕር ዳር ተምራ መጥታ። ሐምሌ ላይ ቀበርናት። እኔ ቀሚስና ዩኒፎርም ነው የማውቀው።

አጨበጨቡልኝ። ለምን እንዳጨበጨቡ ገብቶኛል። ደስ አላለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

የማስተዋል አባት ገጠር ነው፣ አጨዳ ላይ። ቤቱ ጭር ብሏል። ሣጥኑን ከፍቼ ኮቱን አወጣሁ። የጅጋው መ/ር አለበል ያዘዛት ነው። ቆርጣዋለች፣ ለመስፋት አልደረሰችም። ምልክት ያደረገችበት ጠመኔ ከጨርቁ ላይ ለቅቋል።

አካሉን ገጠምኩ። አልከበደኝም። የኮት እጅጌ ግን እንደ ቀሚስ አይደለም። ሁለት ቁራጭ ነው፣ ክርኑ ላይ ጎበጥ ይላል። ሰፍቼ ሰቀልኩት። ሁለቱም እጅጌ ወደ ኋላ ዞረ። የፊጥኝ የታሰረ ሰው ይመስላል። ፈታሁ። ቁራጩን ከቁራጭ እንደገና ገጥሜ እንደነበረው መለስኩት። ያው ነው።

አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ላልጽፈው ነበር። ስትቆርጠው አሟት ነበር፣ መቀሱን እያስቀመጠች ታርፍ ነበር። ተሳስታ ይሆን? የመጨረሻ ሥራዋ ነው።

መ/ር አለበል ደወለ። እንዴት ሰነበቱ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ አለኝ። ስለ ኮቱ ትንፍሽ አላለም። ብርዱ ገብቷል፣ ሰውየው ምን ለብሶ ነው የሚያስተምረው? ኮቴስ ቢለኝ ምን ነበረበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

በዓል ስለሆነ መኪና አይነካም፣ ለመነጋገር ግን ይመቻል ብለን የክበባችንን መጀመሪያ እኔ ቤት አደረግነው። ሽማግሌው ሱሪ ሰፊ ጋሸ ዘለቀ መጡ። ትርንጎ መጣች፣ የቡሬዋ፣ የሴት ጃኬት የምትሰፋው። እንየውም ክበቡን ሊከፍትልን መጣ።

ዳቦ ይዘው መጡ። ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተቀመጡ። ጋሸ ዘለቀ ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን አነሡ። እንየው ራሱን ነቀነቀ። የሥራ ቦርሳቸውን ከእግራቸው ሥር አድርገው አንዳቸውም አልፈቱትም።

እኔው ተነሥቼ ኮቱን ሰቀልኩት። ጥፋቱን ንገሩኝ አልኩ። ጋሸ ዘለቀ ግሩም ነው አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። እጅጌውስ? አልኩ። ምንም አይል አለ እንየው።

ምንም አይል!

ትርንጎን አየኋት። ገበያው ሁሉ ምላሷን የሚፈራት ሴት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ ግድግዳውን ታያለች። የሷን ሥራ አሳዪን ብላት ሌላ ጊዜ አለች።

እግዜር ያጽናሽ ብለው ወጡ። ክበብ ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠን ዋልን። ዳቦውን ለጎረቤት ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

እንየው ሱቅ ሄድኩ። እንዲህ ከሆነ ክበቡ ምን ይረባል አልኩት። እነሱ እኔ ፊት ሥራ ማውራት ነውር መስሏቸዋል። ጊዜ ስጪው አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሸክም እንዳይሆንብሽ የኮቱን ክበብ ከአሁኑ ከዩኒፎርሙ ብንቀላቅለውስ አለ። ለኔ አዝኖ ነው። በዚህ በዚህ ነው የሚያናድደኝ።

ድሮ የማስተዋል እናት ነበር የሚለኝ። ገበያውም እንደዚያው። አሁን ሁሉም ወ/ሮ ይታይሽ ሆኗል። ስሟን እንዳያነሡብኝ ይሸሻሉ። የልጄ ስም ሲጠራ የምሰማው ቤ/ክ ለፍትሐቷ ሲነሣ ብቻ ነው።

ስመለስ ኮቱን እንደገና አየሁት። እሷ ተሳስታ ከሆነ ልወቀው። እኔም ከሆንኩ ልወቀው። ማንን ልጠይቅ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

ዛሬ ጋሸ ዘለቀ ቤት ነበርን። እኔም ኮቱን ይዤ ሄድኩ። እንደገና ዳቦ። እንደገና ሰው ሁሉ ሟች።

አልቻልኩም። የትርንጎን ቦርሳ ራሴ ሳብኩት። ጃኬት ወጣ፣ ዚፕ ያለው። ሁሉም ግሩም ነው እንድል ይጠብቃሉ። ዚፑ እንደ እባብ ይሄዳል አልኩ። ለብሳው የምትወጣዋ ሴት ታሳዝነኛለች አልኩ። ጋሸ ዘለቀ ተይ ልጄ አሉኝ። ትርንጎ ቻለችው። ስትችለው ባሰብኝ። ቡሬ ውስጥ መስተዋት የለም ወይ አልኳት።

ያኔ ብድግ አለች።

«የማስተዋል እናት፣ የኔን ዚፕ ተይውና የራስሽን እጅጌ እይ። ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ ገጥመሽ፣ መምህሩን የፊጥኝ አስረሽ ስታበቂ ግሩም በሉኝ ትያለሽ። ልጅሽ ቁርጧ አንዲት ክር አልሳተም። አንች ነሽ ያበላሸሽባት።»

ትርንጎ ያለችውን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች። አፌን በቆረጠው ብላ ወጣች፣ ቦርሳዋንም አልያዘችም። ጋሸ ዘለቀ እኔን ሊደግፉኝ ተነሡ። የምወድቅ መስሏቸው።

አልወደቅኩም። ቁርጧ አንዲት ክር አልሳተም። መንገዱን ሁሉ ይህንን እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ከጠዋት ጀምሬ ፈታሁ። ግራውን ወደ ግራ፣ ቀኙን ወደ ቀኝ። ቀስ ብዬ በእጅ ያዝ ያዝ አደረግሁት፣ ከዚያ በመኪና። ሰቀልኩት። እጅጌው ወደ ፊት ወረደ። አንድ ነገር ሊያነሣ እጁን የዘረጋ ሰው መሰለ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ተነሥቼ ተኮስኩት።

ቦርሳዋን ይዤ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። ዝግ ነው። ቡሬ እናቷ ዘንድ ሄዳለች አለችኝ ጎረቤቷ። እኔን ስታይ እሷም እግዜር ያጽናሽ አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 22

እንየው መጣ። ማኅበሩ ሰምቶ አፍሯል። ኀዘንተኛ እንዴት ይሰደባል ተብሏል። ሽማግሌዎች ትርንጎን ከቡሬ አስጠርተዋታል። እሑድ ከቀትር በኋላ ድንጋይ ተሸክማ እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ከዚያም ከክበቡ ትወጣለች።

አልበደለችኝም አልኩት። ትልቅ ሴት ነሽ አለኝ። እውነቷን ነው፣ እጅጌውን አቀያይሬው ነበር አልኩት። ደግነትሽ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ አለ። መጀመሪያ የሰደብኳት እኔ ነኝ አልኩት። ኀዘን ላይ ነሽ፣ አይያዝብሽም አለ።

ተመልከች ደብተሬ። ስድቤ እንኳ አይቆጠርልኝም። ጥፋት የለኝም ማለት ሰው አይደለሁም ማለት ነው። እንየው ሲወጣ በሩን ጮክ አድርጌ ዘጋሁት። እሱንም ኀዘን ነው ብሎት ይሆናል።

እሑድ፣ ኅዳር 24

ከቤ/ክ ተመልሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ልጻፍ።

ሌሊቱን አስቤበታለሁ። ይቅር ብያለሁ አልልም። ይቅር ካልኩ አጥፍታለች ማለት ነው፣ ዳግመኛም አትነግረኝም። እሷ ካልነገረችኝ ደግሞ ማንም አይነግረኝም። ኮት እንደማላውቅ እቀራለሁ፣ ክበቡም ይፈርሳል፣ የልጄ መቀስ ሣጥን ውስጥ ይዝጋል። ሽማግሌዎቹ ይቆጡ። ኀዘን ጠጥሮባት ልቧ ደነደነ ይበሉኝ።

ኮቱን ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅየዋለሁ። ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ድንጋዩን ከአንገቷ ላይ እኔው ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ። ስቆርጥ ጨርቁ እንዳይሸሽብኝ ይረዳኛል። የሚቀጥለው ማክሰኞ ተረኛዋ እሷ ናት። ቤቷ እንሄዳለን፣ ዳቦ የሚይዝ ሰው በር ላይ ይመለሳል። እሷ ከክበቡ ከወጣች እኔም እወጣለሁ። ይህንን ሽማግሌዎቹ ፊት እናገራለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ገበሩ ከብብቱ ሥር ይሰበሰባል፣ ምክንያቱን አላገኘሁትም። ገና ሳትቀመጥ እሱን እጠይቃታለሁ።

ዚፗም ጠማማ ነው። እሱንም እነግራታለሁ።